ማርሚታ ጠባቂዋ

ልጆቹ ያቺን የጋራዥ ወሬ ንገሪን ማለት አይታክታቸውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር የልጅ ልጄ ሊዲያ አጠገቤ ሸርተት ትልና "አያቴ፣ የማርሚታዋን" ትለኛለች። መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። እኔም መቶ ጊዜ ስናገር አንዳንዴ ሐጂን አስረዝማቸዋለሁ፣ አንዳንዴ መኪናዋን አገዝፋታለሁ፤ እሷም "ባለፈው እንዲህ አልነበረም" ብላ በሰው ፊት ታርመኛለች። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ። ፊደሌ ቢወላገድ ሊዲያ ታቃናዋለች፤ ወሬውን ግን እንዳትነካብኝ ቃል አስገብቻታለሁ።

ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ የመጣሁት ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ነው። ልጄ ሰናይት ገርጂ ቤት ተከራይታ ስለነበር "ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ" ብላ ወሰደችኝ። እኔ ደግሞ አንድ አመል አለብኝ፤ እዞራለሁ። ከቤት የምወጣው ለአምስት ደቂቃ ነው። መንገድ ላይ አንዱን ሰላም እላለሁ፣ እሱ አገሩን ይነግረኛል፣ እኔ አገሬን እነግረዋለሁ፣ አብረን ትንሽ እንሄዳለን፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ያለሁበትን አላውቀውም። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ ጠፋሁ። አንዴ ኦሎምፒያ ተገኘሁ፤ አንዴ ሰሚት። እነሱ "ጠፋሽ" ይሉኛል እንጂ እኔስ የትም አልጠፋሁም፤ ያጡኝ እነሱ ናቸው። ብቻ ከሁለተኛው በኋላ ሰናይት "ያለ እኔ ከግቢ እንዳትወጪ" ብላ ደነገገች። እንደ ጥጃ ታሰርኩ ማለት ነው።

ሌላም ነገር ልናገር። ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ይህን ሰናይት ታውቃለች። ቁጥር ግን አውቃለሁ ብያት ነበር። ስልክ የገዛችልኝ ቀን "ቁጥር ታውቂያለሽ አይደል?" ስትለኝ "ቁጥርማ አውቃለሁ" አልኩ፤ ከአፌ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል። ብርን በመልኩ፣ ታክሲን በረዳቱ ጩኸት፣ ስልኩንም ከላይ በኩል ያለችውን የሰናይትን ፎቶ በመንካት ነበር የምኖረው። ማንም ነቅቶብኝ አያውቅም።

ሰናይት ሹፌር ናት። ነጭ፣ ኋላዋ በሰማያዊ ሸራ የተሸፈነ የጭነት መኪና አለቻት። ቦሌ ካለ አንድ ሆቴል አንሶላና ፎጣ ትሰበስብና ገርጂ አራት ሴቶች ያጥቡታል፣ ይተኩሱታል፤ እሷ ደግሞ ሊነጋጋ ሲል፣ የሆቴሉ እንግዳ ሳይነቃ፣ መልሳ ታስገባለች። እነዚያ አራት ሴቶችም እኛም የምናድረው በዚህ ነው። ታዲያ አንድ ሰሞን የመኪናዋ ማርሚታ ተቀደደ። ማርሚታ ማለት ከመኪና ሆድ ሥር ተዘርግቶ ጭሱን ወደ ኋላ የሚያስወጣው፣ ድምፁንም አፍኖ የሚይዘው ቱቦ ነው። እሱ ሲቀደድ መኪናዋ ስትነሳ ሰፈሩ አብሮ ይነሳል። ውሻው ይጮሃል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ጎረቤታችን ሰዓቱን ሳያይ ከአልጋው ይወርዳል።

ሆቴሉ ውስጥ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው ያለው። ማክሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ሰናይትን ጠርቶ "ሐሙስ ጠዋት መኪናሽ ድምፅ ሳታሰማ ከገባች ገባች፤ ካልሆነ ሌላ ሰው አዘጋጅተናል" አላት። ሰውየው ሲናገር ዓይኑ ቀልቷል አለችኝ፤ እሱም እዚያው ሆቴል ነው የሚያድረው።

እንግዲህ ያለን ረቡዕ ብቻ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሰናይት አዲሱን ማርሚታ ገዝታ መጣች። የሚያብረቀርቅ፣ መሐሉ እንደ እርጉዝ ያበጠ፣ ቁመቱ እኔን የሚያክል ነገር ነው። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና "እማዬ፣ ዛሬ ሥራ ልስጥሽ" አለችኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። መኪናህ ጋራዥ ስትገባ በርጩማ ስበህ አጠገቧ ቁጭ ነው። ሠራተኛው ሌባ ነው ማለት አይደለም፤ ልማድ ነው። አዲሱ ዕቃህ እንዳይለወጥ፣ አሮጌው ቀለም ተቀብቶ አዲስ ነኝ ብሎ እንዳይመጣ ታያለህ። ሰናይት ግን የዕለቱን ልብስ ማሳጠብ ነበረባት፤ መቀመጥ አትችልም።

"ከመኪናዋና ከማርሚታው ዓይንሽን እንዳትነቅዪ" አለችኝ። "ደግሞ እንዳትዞሪ።"

"ወዴት ነው የምዞረው?"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።"

ጋራዡ ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። እስክንደርስ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ በመስኮት እጄን እያነሳሁ ሰላም አልኳቸው፤ ሰናይት "እማዬ፣ እየሰደቡን ነው" አለችኝ። የጋራዡ ባለቤት ወይዘሮ ጽጌ የምትባል ፈርጣማ ሴት ናት። ስማችንንና የመኪናዋን ታርጋ ቢጫ ካርድ ላይ ጻፈች። መካኒኩ ቶላ ጎረቤቱ ሞቶ ቀብር ስለሄደ እስኪመጣ ጠብቁ አለችን።

ሰናይት ልትሄድ ስትል በጆሮዬ "ታርጋዋን ታውቂዋለሽ፤ መጨረሻው ስልሳ ስምንት ነው" አለችኝ።

"እንዴታ፤ በእኔ ዕድሜ ልክ" አልኳት። ያን ጊዜ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ይህን እናቴ የነገረችኝን ቆጥሬ አውቃለሁ። ዕድሜዬ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ግን አይቼው አላውቅም።

ብቻዬን ስቀር ከመሬት ሚስማር አነሳሁና በማርሚታው ሆድ ላይ ትንሽ መስቀል ጫርኩበት። ቢለውጡት በምን አውቀዋለሁ? ከዚያ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ዘበኛ ደረቴን ነፍቼ ቆየሁ።

ከዚያ ከበሩ ውጭ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጎመን የምትሸጥ ሴት ናት፤ አነጋገሯ ቁጭ የመንዝ። ስትጠራው ጎመኑ ራሱ ከአገሬ የመጣ መሰለኝ። ለአምስት ደቂቃ ሰላም ብያት ልመለስ አልኩ። ማርሚታውን ግን ትቼ አልሄድም፤ አደራ አለብኝ። አንስቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። ከባድ ነው፤ እኔ ግን ውኃ ከወንዝ ተሸክሜ ያደግሁ ሴት ነኝ።

ጎመን ሻጯ ደግሞ ለካ እየሄደች ነው የምትሸጠው። ተከተልኳት። እናቷን ሳላውቃት አልቀረሁም፤ አክስቷንማ በደንብ አውቃታለሁ። ሃያ ሁለት ካፌ በር ላይ የተቀመጡ ወጣቶች ነጠላ ለብሼ ያን ነገር ተሸክሜ ሳልፍ አዩኝ።

"እማማ፣ ጥሩምባው ለማን ሰርግ ነው?" አለኝ አንዱ።

"ያንተ ነው፤ ሙሽራዋ ግን ስታይህ ጠፋች" አልኩት። ጓደኞቹ ጠረጴዛ መቱ። አንዷ ልጅ ፎቶ አነሳችኝ፤ እኔም ማርሚታውን አስተካክዬ ያዝኩላት።

አምስት ደቂቃዬ ምን ያህል እንደረዘመች አላውቅም። ብቻ ማርሚታው ትከሻዬን ሲቆርጠኝ አደራዬ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። መንገዱንም ሳልሳሳት መመለሴ አኮራኝ። መኪናዋ እዚያው ናት፤ ነጭ፣ ሰማያዊ ሸራ፣ በርጩማዬ አጠገብ። ዕቃዬም እጄ ላይ ነው። ምን ጎደለ?

በመስኮቷ ወደ ውስጥ ሳይ ደግሞ መስታወቷ ላይ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። ልቤ ተነካ። ሰናይትን ለስንት ዓመት "ጸልዪ፣ መንገድ ላይ ነው የምትውዪው" እያልኩ ጨቅጭቄያታለሁ። ለካ ሳትነግረኝ ጀምራለች። ውስጧም ተጠርጓል፤ የሙዝ ልጣጭ የማይጠፋባት መኪና ንጽህት ብላለች። ጸሎት ሰውን እንዲህ ይለውጣል ብዬ ለብቻዬ አማተብኩ።

ቶላ መጣ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሰፊ እጅ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ቢጫውን ካርድ ይዟል።

"እንደምን ዋሉ እማማ። ማርሚታ የሚቀየርላት የእርስዎ ናት?"

"የልጄ ናት።"

ካርዱን ብዙ አየው። መኪናዋን አየ። በግቢው ውስጥ ያሉትን መኪናዎች አየ። ከዚያ አጠገቤ ቆሞ ካርዱን እንደያዘው ዘርግቶ "ይቺ ናት አይደል?" አለኝ።

እኔም ካርዱን ብዙ አየሁት። ማን ከማን ያንሳል? ከታች በኩል የታተመች ትንሽ የመኪና ሥዕል አለችበት፤ ጎማዋ ወደ ላይ ሆኖ የተገለበጠች። የጋራዥ ካርድ ስለሆነ የተበላሸች መኪና ሥለው ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ በላይ ያየሁት በዘይት የታተመ የጣት አሻራ ብቻ ነው።

"ይቺ ናት" አልኩት።

"ታርጋው ልክ ነው?"

"ስልሳ ስምንት። በእኔ ዕድሜ ልክ" አልኩት ወደ መኪናዋ አፍንጫ በአገጬ እያመለከትኩ።

"እሺ እማማ" አለ። ፊቱ ላይ የሆነ መቅለል አየሁ። ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ክሪኩ ከሥር ገባ፤ መኪናዋ ከወገቧ ቀና አለች። ቶላ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ከሥሯ ተንሸራተተ፤ እግሮቹ ብቻ ውጭ ቀሩ። እኔም በርጩማዬን ወደ እግሮቹ አስጠጋሁና አወራኋቸው።

"ቀብሩ የማን ነበር?"

"የጎረቤቴ።"

"ልጆች አሉት?"

"አምስት።"

"ነፍስ ይማር። ሚስቱስ?"

"እማማ፣ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ያቀብሉኝ።"

የመሣሪያው ሳጥን ውስጥ ያለው ሁሉ ለእኔ ያው ቁልፍ ነው። በግምት አንዱን ሰጠሁት። ዝም ብሎ ወሰደው፤ አየው፤ ብሎኑ ላይ ሞከረው፤ መልሶ አወጣውና "ትንሽ ከፍ ያለ" አለኝ። ሌላ ሰጠሁት። "ትንሽ ዝቅ ያለ።" እንዲህ እየተባባልን ትክክለኛውን አገኘነው። ጥሩ ተግባባን።

የአሮጌው ማርሚታ ብሎኖች ግን ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ናፍጣ ቀባቸው፣ በመዶሻ መታቸው፣ እምቢ አሉ። በመጨረሻ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መቁረጫ አምጥቶ ሁለት ቦታ ላይ ቆረጠው። የእሳት ብልጭታው እስከ እግሬ ደረሰ። አሮጌው ወደቀ። አዲሱን ከማስገባቱ በፊት መስቀሌን አየሁ፤ አለች። "እሱኑ ነው የምታስገባው?" አልኩት። "እማማ፣ ከትከሻዎ አውርደው በእጄ ሰጡኝ እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ጠባቂ ይጠይቃል።

በዚህ መሐል ሰናይት ደወለች።

"እማዬ፣ ጀመረ?"

"ሊጨርስ ነው። ደግሞ መቁጠሪያሽን አየሁት፤ ተባረኪ ልጄ። እንዴት ደስ እንዳለኝ።"

"የምን መቁጠሪያ?"

ስልኩ ተቋረጠ። አፍራ ነው አልኩ። በጎ ሥራዋን መደበቋም ከእኔ የወረሰችው ነው ብዬ የበለጠ ደስ አለኝ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ቶላ ከሥር ወጣ፣ እጁን ጠረገ፣ ወንበሩን ላለማቆሸሽ ጋዜጣ አንጥፎ ጋቢና ገባና ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ እንደ ጠገበች ድመት አንኮራፋች። ሌላ ድምፅ የላትም። ተነሥቼ መረቅሁት፤ ልጆቹን፣ እጁን፣ መዶሻውን ሳይቀር መረቅሁለት። ነገ ጠዋት ሆቴሉ ተኝቶ ይነጋለታል፤ አራቱ ሴቶች ሥራቸው ላይ ይቆያሉ፤ እኔም ከግቢ መውጣት ይፈቀድልኛል።

ገና ምርቃቴን ሳልጨርስ ከጋራዡ ጀርባ በኩል ሰማይ ተቀደደ።

ያንን ድምፅ የማላውቀው ይመስላችኋል? ስንት ወር ሙሉ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝን? ወደ ጀርባ ሄድኩ። አንድ ሠራተኛ ነጭ መኪና እያንቀሳቀሰ ነው፤ ሰማያዊ ሸራ፤ ወንበሯ ላይ የሰናይት ሻሽ፤ ከሥሩም የሙዝ ልጣጭ።

"ይቺን ማን አመጣት?" አልኩት ሠራተኛውን።

"ጠዋት ቦታ ስትዘጋ ነው ወደዚህ የወሰድናት እማማ። የሐጂን መኪና እዚያ አቆምን።"

"ሐጂ ማን ናቸው?"

በጣቱ ወደ በሩ አሳየኝ። ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ረጅም፣ ሽማግሌ ሰው እየገቡ ነው።

ሐጂ ኑሪ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ አገራቸው ስልጤ ነው። መኪናቸውን ያመጡት ዘይት ለማስቀየር ብቻ ነበር። ማንም ሳይናገር በቀጥታ ጋቢና ገቡ፤ መቁጠሪያቸውን ነካ አደረጉ፤ ሞተሩ ገና እየሠራ ነው፣ እሳቸው ግን አልሰሙትም፤ ቁልፉን እንደገና ቢያዞሩት ሞተሩ አንቋረረ።

"ምን አደረጋችኋት? ሞተች እኮ" አሉ።

"አልሞተችም ሐጂ" አለ ቶላ። ድምፁ አይሰማም። እሱም ነገሩን ተረድቶታል። "ማርሚታ ተቀየረላት።"

"ማን ቀይርልኝ አለህ?"

ወይዘሮ ጽጌ ከቢሮዋ ወጣች። ካርዱን ከቶላ ኪስ ራሷ አወጣችው፤ ታርጋውን አየች፤ ካርዱን አየች። "ቶላ፣ ይሄ ስልሳ ስምንት ነው? ዓይንህን ምን ነካው? ይህ ስህተትህ ስንተኛው ነው? ሁለቴ ይቅር ብዬሃለሁ። ነገ እንዳላይህ።"

ቶላ አንገቱን ደፋ። እነዚያ ሰፋፊ እጆቹ ጎኑ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። በዚህ መሐል ሰናይት በሩ ላይ ደረሰች፤ የመቁጠሪያው ነገር አላስቀምጥ ብሏት በራይድ ታክሲ መጥታለች።

እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። "እኔ ነግሬዋለሁ፣ እሱ ነው ያልሰማኝ" ብል ያምኑኛል፤ አሮጊት ማን ይጠረጥራል? ልጄ ቆማለች። ሐጂ ቆመዋል። የጋራዡ ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆሟል። እነዚያን ዝም ያሉ እጆች አየሁና አፌ ተከፈተ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ይቺ ናት ያልኩት እኔ ነኝ። ስልሳ ስምንት ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ፊደል አላውቅም። ቁጥርም አላውቅም። አውቃለሁ ያልኩት ውሸቴን ነው።"

ይህን ስል ቶላ ቀና ብሎ አየኝ። አስተያየቱ ግራ አጋባኝ። ዓይኑ ውኃ ሞልቷል። ናፍጣ ገብቶበት ነው አልኩ።

ሰናይት "እማዬ" ብላ ወደ እኔ ተጠጋች።

ሐጂ ወርደው አጎነበሱና አዲሱን ማርሚታ አዩት። "ይሄ የተጫረው ምንድን ነው?" አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "መስቀል ነው ሐጂ" አልኩ። "ለምልክት ብዬ ነው። እንዳይለውጡብኝ።"

"የእኔ መኪና ላይ መስቀል?"

"እኔም የእርስዎን መቁጠሪያ አይቼ ልጄ ጸሎት ጀመረች ብዬ ሳመሰግን ነው የዋልኩት።"

ሐጂ ሰናይትን አዩአት። ሰናይት መሬት አየች። ከዚያ ሰውየው ከሆዳቸው ይስቁ ጀመር። ሲስቁ ቆባቸው ተንሸራተተ። ወይዘሮ ጽጌ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም።

ሳቁ ሲያበቃ ግን ችግሩ እዚያው ቁጭ ብሏል። አዲሱ ማርሚታ የሐጂ መኪና ላይ ነው። የሐጂ አሮጌ ሁለት ቦታ ተቆርጦ መሬት ላይ ተጋድሟል። የሰናይትን አሮጌ ለማውለቅም መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ቶላ መቁረጫውን አነሳና ሲጫነው ዝም አለ። መብራት ጠፍቷል። ወይዘሮ ጽጌ "የሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ዛሬ አይመጣም" አለች። ሰናይት ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ነገ ሊነጋጋ ሲል ሆቴሉ በር ላይ መድረስ አለባት። ስለ አራቱ ሴቶች፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ፣ ሁሉን ለሐጂ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ስለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ ለሰው ሁሉ የምነግር ሰው ነኝ።

ሐጂ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና "ልጄ" አሏት ሰናይትን፣ "ነገ የእኔን ያዢ። እኔ ያንቺን እይዛለሁ።"

"ሐጂ፣ የእኔ ትጮሃለች እኮ።"

"ይሻላል። መጋዘን ስደርስ ሠራተኞቼ ከሩቅ ሰምተው ይነቃሉ፤ ይሄ ለእነሱም ለእኔም ክብር ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እናቴም ብርን በመልኩ ነበር የምታውቀው" አሉኝ። ሲወጡም "መቁጠሪያዬን እንዳታወርዱ" አሉ።

"ማን ይነካዋል" አልኳቸው። የሰናይትን መኪና አስነሥተው ሲወጡ ሃያ ሁለት በሙሉ ዞሮ አያቸው፤ እሳቸውም እንደ እኔ በመስኮት እጃቸውን እያነሱ ሰላም አሉ። ወይዘሮ ጽጌም ቶላን አየችውና "ጠዋት በጊዜ ና፤ ሁለት መኪና ይጠብቅሃል" አለችው። ይቅርታዋ እሱ ነበር።

ሐሙስ ሰናይት ቀሰቀሰችኝ። "ተነሺ፤ አንቺ ያመጣሽው መኪና ነው" አለችኝ። በቦሌ መንገድ ስንሄድ የራሳችንን ትንፋሽ እንሰማ ነበር። ሆቴሉ በር ላይ ደረስን፤ በሩ አይከፈትም። ለካ ዘበኛውን በየጠዋቱ የምትቀሰቅሰው ያቺው ጩኸት ነበረች። ጥሩምባ እንዳንነፋ እንግዳው ይነቃል። ሰናይት ወርዳ በሩን በጥፍሯ ቆረቆረች፤ ቆረቆረች። በመጨረሻ ዘበኛው ጋቢውን እየጎተተ ከፈተ።

"ዛሬ ደግሞ እንደ ሌባ መጣሽ" አላት።

አንሶላው ገባ። ሥራ አስኪያጁ በበረንዳው ብቅ ብሎ ጆሮውን አቀና፣ ምንም አልሰማም፣ በአንገቱ ምልክት ሰጥቶን ተመልሶ ተኛ። ሥራው እስከ ዛሬ የእኛ ነው።

ስንመለስ ሰናይት ዳር ያዘችና አቆመች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ከፊታችን ወደ ቆመችው ታክሲ ጠቆመችና "እማዬ፣ ታርጋዋ ላይ ያሉት ሁለቱ ፊደሎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ አየሻቸው?" አለችኝ።

"መንትያ ናቸው" አልኩ።

"አ ነው። አአ። አዲስ አበባ ማለት ነው።"

እናንተ የምታነቡኝ፣ እናንተ ሀ ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። እኔ አ ብዬ ጀመርኩ፤ ከታክሲ ቂጥ ላይ። ሀ ሁ የመጣው በኋላ ነው። ሊዲያ ከትምህርት ቤት ስትመጣ መንገድ ዳር ተቀምጠን የሚያልፈውን ታርጋ ሁሉ አነባለሁ፤ ስሳሳት ታስቆመኛለች፣ መኪናው ግን አይቆምልኝም፤ ስለዚህ ቶሎ ማንበብ ተማርኩ። ከታርጋ ወደ ሱቅ ስም፣ ከሱቅ ወደ መዝሙር መጽሐፍ ሄድኩ። የግቢው አዋጅም ተሻረ። አሁን ከገርጂ እስከ ኦሎምፒያ እዞራለሁ፤ የጠፋሁ ሲመስላቸው ያለሁበትን ከሕንፃው ላይ አንብቤ በስልክ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዴ አሁንም አምስት ደቂቃ ብዬ እመሻለሁ፤ እሱ የፊደል ጉዳይ አይደለም። ያን ቀን ያፈርኩ መስሎኝ ነበር። ሰው ፊት አላውቅም ማለት ግን ከማርሚታው ይልቅ ቀለለኝ፤ ማርሚታው ትከሻዬን ለሳምንት አሞኛል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ልጆቹ ሁልጊዜ ከዚህ በፊት ይስቁና ይነሳሉ፤ ይህን ያልሰሙትም አሉ።

አምና ሰናይት ፍሬን ልታሠራ ያው ጋራዥ ሄደች፤ አብሬ ሄድኩ። ቶላ ፀጉሩ ሸብቷል። ካርዱን ከእጁ ተቀበልኩና ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ስሙን፣ ታርጋውን፣ ስልሳ ስምንትን። ልኮራበት ነው። እሱም እስክጨርስ ሰማኝና ካርዱን ወስዶ እንደገና ራሱ አነበበው፤ ቀስ እያለ፣ በጣቱ እየተከተለ።

"ይህን ለእርስዎ መንገር ነበረብኝ እማማ" አለኝ። "እኔም ፊደል አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ወይዘሮ ጽጌ ካርድ ስትጽፍ አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ፣ መኪናዋን በዓይኔ እይዛታለሁ። ያን ቀን ቀብር ነበርኩ። ለዚህ ነው እርስዎን የጠየቅሁዎት። እርስዎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከተናገሩ በኋላ በሳምንቱ የማታ ትምህርት ገባሁ።"

በእጁ የያዘውን ካርድ አየሁት። ከላይ በኩል ያቺ ትንሽ መኪና ታትማበታለች። ዛሬ ጎማዋ ወደ ታች ነው።